ትንንሽ ልጆችን ይዞ የጎንደርን ፋሲል ግቢ እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ወደ ፋሲል ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጆቼን ይዤ የሄድኩት ወንዱ 6፣ ሴቷ 3 ዓመት ሲሞላቸው ነበር። በእኩለ ቀን ፀሐይ ገባን፣ ሁሉንም ግንብ በቅደም ተከተል ለማየት ሞከርን፣ ሁለቱም አልቅሰው ግማሹን ሳናይ ወጣን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሰን ሄደናል፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጆቹ አንወጣም ብለው አስቸግረውናል። ግቢው ያው ነው፤ የተለወጠው የእኛ አካሄድ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት ምን እንደሚያዩ ይወስኑ። ግቢው ወደ 7 ሄክታር ይሰፋል፤ 900 ሜትር ገደማ የሚሆን የግንብ አጥር ይዞረዋል፤ 12 በሮችም አሉት። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. መናገሻ ካደረጉ በኋላ ተከታዮቻቸው የአባታቸውን ቤት እንዳለ ትተው በአጠገቡ የየራሳቸውን ስለገነቡ፣ በአንድ አጥር ውስጥ የበርካታ ነገሥታት ግንቦች ይገኛሉ። ዐዋቂ ይህን ሁሉ በአንድ ጠዋት አይቶ ሊጨርስ ይችላል፤ ከ7 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግን ሦስት ሕንፃና አንድ ሣር ሜዳ ይበቃዋል። እኔ የምመርጣቸው የፋሲለደስን ግንብ፣ የታላቁን የአፄ ኢያሱን ግንብና የአንበሶቹን ቤት ነው። የቀረውን በመንገድ ላይ ካዩት መልካም፣ ካላዩትም ግንቡ በሚቀጥለው ዓመት በቦታው ይጠብቃችኋል።

በጠዋት እንደተከፈተ ይግቡ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ይመስላል፤ ፀሐይዋ ግን ሳይታወቅ የልጅ ፊት ታቃጥላለች፤ ኮፍያ ሳይዙ አይውጡ። በክረምት የረጠበ የድንጋይ ደረጃ ስለሚያንሸራትት መሄድ ያለብዎ ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ ቢሆን ይሻላል። ውኃ፣ ቆሎና ብርቱካን ይያዙ፤ መጸዳጃ ቤት ካረፉበት ቦታ ሳይወጡ ያስጠቅሙ። የሕፃን ጋሪ ግን ይዘው አይምጡ። ድንጋይ ንጣፉ ያንገጫግጨዋል፣ ደረጃ ባለበት ሁሉ መሸከም ይኖርብዎታል። ለሕፃን ከአንቀልባ የሚበልጥ ነገር እስካሁን አላገኘሁም፤ ሁለት እጅዎን ነጻ ያደርግልዎታል፣ ሁለቱም እጅ ደግሞ ኋላ በጣም ያስፈልጉዎታል።

ቀጥሎ የአስጎብኚ ጉዳይ ይመጣል። ያለ አስጎብኚ መግባት ይቻላል፤ ነገር ግን ፈቃድ ያለው ጥሩ አስጎብኚ ልጆች ሲያገኝ ከወላጅ የተሻለ ሊያጫውታቸው ይችላል። ዋናው ነገር ገና ሳይገቡ በግልጽ መነጋገር ነው። እኛ በመጀመሪያው ቀን ይህን ስላላደረግን አስጎብኚያችን፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበረ፣ ከመጀመሪያው ንጉሥ ጀምሮ የእያንዳንዱን የንግሥና ዘመን ሲዘረዝር ልጆቹ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተሰላቹ። አሁን አስቀድሜ የምናገረው እንዲህ ነው፦ «ወንድሜ፣ እኛ የምንቆየው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ዘመኑን ለኔ ኋላ ይነግሩኛል፤ ለልጆቹ ግን ፈረሱ የት እንዳደረ፣ እንግዳ በየት እንደገባ፣ ግብር የት እንደተበላ ያሳዩልኝ።» ይህን ሰምቶ ቅር ያለው አስጎብኚ አልገጠመኝም።

ከገቡ በኋላ ልጆቹ መጀመሪያ ሣሩ ላይ ይሩጡ። ከዚያ ፈልገው የሚያገኙት ነገር ይስጧቸው። የፋሲለደስን ግንብ የአገሬው ሰው «እንቁላል ግምብ» ይለዋል፤ በአራቱ ማዕዘን ላይ ያሉት ክብ ማማዎች አናታቸው የእንቁላል ቅርጽ አለው። «እንቁላሎቹ የት አሉ? ስንት ናቸው?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ልጄ በመጀመሪያ ሦስት ቆጠረ፤ አራተኛውን ለማግኘት ሕንፃውን ዞረ፤ ሲዞር መስኮቶቹንና በሮቹን የከበበውን ቀላ ያለ ድንጋይ ራሱ አየና «ይኸኛው ለምን ቀላ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥቁር ግራጫው ባዛልት የሚባል ጠንካራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ቀዩ ደግሞ ለጌጥ የተመረጠ ሌላ ዓይነት ድንጋይ መሆኑን፣ ሁለቱንም ያያያዘው ኖራ መሆኑን የነገርኩት ጠይቆኝ ነው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የኢያሱን ግንብ ደግሞ ጣሪያው ኮርቻ ስለሚመስል በኮርቻው ይፈልጉት። ይህ ግንብ በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ አፍርሶታል። ልጆች የተሟላ ሕንፃ ከሚያዩ የፈረሰውን ቢያዩ ይበልጥ ይጠይቃሉ፤ ውስጡ ስለሚታይ ግድግዳው ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ በክንዳቸው ይለኩታል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ወደ ደረጃው እንምጣ። ግንቦቹ ዘብ ይቆምባቸው፣ ንጉሥ ይወጣባቸው የነበሩ ናቸው እንጂ ለልጅ ተብለው አልተሠሩም። ደረጃዎቹ ከፍታቸው እኩል አይደለም፣ በእግር ብዛት መካከላቸው ሟሙቷል፣ ብዙዎቹም መደገፊያ የላቸውም። በዚያ በመጀመሪያው ቀን አስጎብኚውን ስሰማ ወንዱ ልጄ ከእጄ ወጥቶ ጣሪያው በፈረሰ አንድ ሕንፃ የውጭ ደረጃ ላይ ወጣ። ቀና ስል ከላይኛው ደረጃ ጫፍ ላይ፣ እግሩን ወደ ባዶው አንጠልጥሎ፣ የተሰበረውን የግድግዳ ጠርዝ በአንድ እጁ ይዞ ተቀምጧል። ብጠራው ዞር ይላል፤ ዞር ካለ ይወድቃል። ድምፄን ሳላሰማ አንድ በአንድ ወጥቼ ከኋላው በብብቱ ስይዘው የያዘው ድንጋይ በቦታው ላላ ብሎ ነበር። ጉልበቴ የተንቀጠቀጠው ከወረድን በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያወጣሁት ሥርዓት ይህ ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ዐዋቂ ከሌለ ደረጃ አንወጣም፤ ሁለት ልጅና አንድ ወላጅ ከሆናችሁ ምድር ቤቱን ብቻ ይዩ፣ የሚቀርባችሁ ነገር ብዙ አይደለም። ሲወጡ ልጁ ከፊት፣ ዐዋቂው ከኋላ ይሁን። ሲወርዱ ግን ዐዋቂው ይቅደም፣ ማለትም ሁልጊዜ ከታች በኩል ያለው ዐዋቂው ነው። ልጁ በግድግዳው በኩል፣ እርስዎ በክፍቱ በኩል ይሂዱ። የግድግዳ ጠርዝ መያዣ እንዳልሆነ ገና ምድር ላይ ሳሉ ያስረዱ፤ ኖራው የረገፈበትን ቦታ በጣት ሳይነኩ ያሳዩና «እነዚህ ድንጋዮች የተያያዙት በዚህ ነው፤ አንተ ከተንጠለጠልክበት አንተም ትወድቃለህ፣ ግንቡም ይጎዳል» ይበሉ። የ3 ዓመት ልጅ እንኳ ይህን ይረዳል፤ ልጄ እስካሁን ግንብ ስታይ «ኖራው ታሟል?» ትላለች። በመጨረሻም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ፎቶ አያንሱ። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ወደ ኋላ ይራመዳል፣ የልጁንም እጅ ይለቃል። ፎቶውን ከሣሩ ላይ ያንሱ፤ ግንቡ ሙሉ በሙሉ የሚገባውም ከዚያ ነው። ለጥገና ወይም ለደኅንነት የታጠረ ክፍል ካለ ደግሞ ለማስፈቀድ መለማመጥ አያስፈልግም።

የአንበሶቹ ቤት ላይ ሲደርሱ ልጆቹ አንበሳ እንደሚያገኙ ተስፋ እንዳያደርጉ አስቀድመው ይንገሯቸው። የኔዋ አንበሳው እስኪመጣ ልጠብቅ ብላ ከባዶው ፍርግርግ ፊት አልነሣም ብላ ነበር። በቅርቡ ያለውን ወሸባ፣ ማለትም በጋለ ድንጋይ ላይ ውኃ እየተደፋ በእንፋሎት ይታጠቡበት የነበረውን ቤት ካገኙ ግን ይግቡበት፤ በቤቷ ውስጥ ድምፅ ሲያስተጋባ ልጆች ይወዱታል።

ከዚያ ይውጡና ምሳ ይብሉ፣ ልጆቹም ትንሽ ይተኙ። የመግቢያ ትኬቱን አይጣሉት፤ ለፋሲለደስ መዋኛም እንደሚያገለግል ሲገዙ ይጠይቁ። መዋኛው ከግቢው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ በባጃጅ ይሂዱ፣ ለመመለሻም ከባለባጃጁ ጋር ይነጋገሩ። ገንዳው በአብዛኛው ዓመት ባዶ ነው፤ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። በዓሉ እጅግ ያማረ ነው፤ ቢሆንም ጥር 10 እና 11 ትንንሽ ልጆችን ይዘው በገንዳው ዙሪያ እንዲሰለፉ አልመክርም። በ2012 ዓ.ም. በዚሁ በዓል የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። ልጆች ይዞ ለመጣ ሰው ከበዓሉ ውጭ ያለ ጸጥ ያለ ከሰዓት ይሻላል።

በመዋኛው ልጆቹን ወዲያው ወደ መሐሉ ግንብ አይውሰዷቸው፤ በመጀመሪያ በአጥሩ ዳር ዳር ያስኪዷቸው። የትልልቆቹ ዛፎች ሥሮች በግንቡ አጥር ላይ ወርደው ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጠውታል። አንዱ ሥር ከልጅ ወገብ ይወፍራል፤ ከሱ የወጣው ሌላው ቀጭን ሆኖ በሁለት ድንጋይ መካከል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። ሁለተኛው ጉብኝታችን ላይ ልጄ ጉንጯን ከአንዱ ሥር ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየች። ወንድሟ ዛፉ ግንቡን እያፈረሰው ነው ወይስ እንዳይወድቅ ይዞታል ብሎ ሲጠይቃት «ይዞታል» አለችው። እሱ አላመነም፤ ባጃጁ እስኪመጣ ድረስ ሥር በሥር እየተከተሉ ሲከራከሩ ቆዩ።