የዓሣ ፊሌቶ ሥራን በሒሳብ መምራት፦ ወጪን መተመን፣ ወራቱን ማቀድና መወሰን

በባሕር ዳር ከጣና አስጋሪዎች ዓሣ ተረክቦ፣ ፊሌቶ አውጥቶ ለምግብ ቤቶችና ለሆቴሎች የሚያቀርብ ሰው «ኪሎውን በ150 ብር ገዝቼ በ640 ብር ሸጥሁ» ሲል ለሰሚው ከሦስት እጥፍ በላይ ያተረፈ ይመስላል። ነገር ግን የገዛው ኪሎና የሸጠው ኪሎ አንድ አይደሉም። የገዛው ራሱ፣ አጥንቱ፣ ቅርፊቱና ሆድ ዕቃው ያለበት ሙሉ ዓሣ ነው፤ የሸጠው ንጹሕ ሥጋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በሚዛን ያልለካ ነጋዴ በወሩ መጨረሻ ገንዘቡ የት እንደ ገባ ይጠፋዋል።

ይህን ርቀት ለክቶ፣ ከዚያም ተነሥቶ የማቀድና የመወሰን ሥራ የማኔጅመንት አካውንቲንግ ይባላል። በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የሚዘጋጀው ሒሳብ ለባንክ፣ ለባለ አክሲዮንና ለሌላ የውጭ ተመልካች የሚቀርብ ሲሆን፣ ይኼኛው ግን ለባለቤቱ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ቅጹን የሚወስነውም የሚፈልገው ውሳኔ ነው። አንድ ደብተር፣ አንድ የታመነ ሚዛንና በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል ጊዜ ይበቃዋል። ከዚህ በታች የምንጠቀምባቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢው በራሱ ዋጋ ይተካቸው።

በመጀመሪያ፣ የአንድ ኪሎ ፊሌቶ እውነተኛ ዋጋ

ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ የሚገባውን ሙሉ ዓሣና የሚወጣውን ፊሌቶ ለየብቻ መዝነው ይመዝግቡ። ቆሮሶን፣ አምባዛንና ነጭ ዓሣን አያቀላቅሉ፤ የጭንቅላታቸው ትልቀት፣ የአጥንታቸው ብዛትና የሥጋቸው መጠን ስለሚለያይ የተቀላቀለ ሒሳብ የትኛው ዓሣ እንደሚያዋጣ ፈጽሞ አይነግርም። እዚህ ላይ ቆሮሶን ብቻ እንውሰድና ከ100 ኪሎ ሙሉ ዓሣ 30 ኪሎ ፊሌቶ ተገኘ እንበል።

100 ኪሎው በ150 ብር ሒሳብ 15,000 ብር ወጥቶበታል። ራሱና አጥንቱ ለሾርባ በ600 ብር ቢሸጥ ይህ ገንዘብ ከወጪው ላይ ይቀነሳል፤ ስለዚህ 14,400 ብር ለ30 ሲካፈል በአንድ ኪሎ ፊሌቶ ውስጥ ያለው የዓሣ ዋጋ 480 ብር ይሆናል። ለፊሌቶ አውጪው በኪሎ 30 ብር፣ ለበረዶና ለማሸጊያ ደግሞ 20 ብር ሲጨመር 530 ብር ይደርሳል። ይህ ተለዋዋጭ ወጪ ነው፤ አንድ ኪሎ ሲጨመር የሚጨምር፣ አንድ ኪሎ ሲቀር የሚቀር ማለት ነው።

መብራት ጠፍቶ የተበላሸ ዓሣ ካለ በዚህ ስሌት ውስጥ አይደባልቁት። በሥራው ጠባይ ሁልጊዜ የሚጠፋው መጠን የዋጋው አካል ሲሆን፣ በድንገት የጠፋው ግን ለብቻው ተመዝግቦ እንደ ኪሳራ መታየት አለበት፤ አለዚያ የአንድ ሌሊት አደጋ የወሩን ዋጋ ያዛባል።

ቀጥሎ፣ ዓሣ ባይገባም የማይቀረው ወጪ

እንግሊዛዊው የሸክላ ዕቃ አምራች ጆሳያ ዌጅውድ በ1772 እ.ኤ.አ. ገበያ በቀዘቀዘበት ጊዜ ሒሳቡን ሲመረምር፣ እንደ ኪራይና እንደ ጸሐፊ ደመወዝ ያሉት ወጪዎች ብዙም ተመረተ ጥቂት ሳይለወጡ እንደሚቀጥሉ አስተዋለ። ቋሚ ወጪ የምንለው ይህ ነው። በምሳሌያችን የቤት ኪራይ 15,000፣ የሠራተኛና የጥበቃ ደመወዝ 14,000፣ የመብራት 3,000፣ የፈቃድና ልዩ ልዩ 1,000 ብር በወር ይሁን።

ብዙዎች የሚዘነጓቸው ሁለት ወጪዎች አሉ። አንደኛው የዲፕ ፍሪዘሩ እርጅና ነው። ፍሪዘሩ በ84,000 ብር ተገዝቶ ለ7 ዓመት ያገለግላል ከተባለ በዓመት 12,000፣ በወር 1,000 ብር ያረጃል፤ ይህ ገንዘብ ዛሬ ከኪስ ባይወጣም ለብቻው ካልተቀመጠ በስምንተኛው ዓመት ፍሪዘር መግዣ አይኖርም። ሁለተኛው የባለቤቱ የራሱ ደመወዝ ነው። ባለቤቱ ማለዳ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ተረክቦ፣ ቀኑን ሙሉ ሲመዝንና ሲያስረክብ ውሎ ለራሱ ምንም ካልቆጠረ፣ «ትርፍ» የሚለው ነገር ያልተከፈለ ድካሙ ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ከሁሉ አስቀድሜ እጽፈው ነበር። 10,000 ብር እንበለውና ጠቅላላ ቋሚ ወጪው በወር 44,000 ብር ይሆናል።

አሁን የመሸጫ ዋጋው 640 ከሆነ፣ ተለዋዋጩ 530 ሲቀነስ ከእያንዳንዱ ኪሎ 110 ብር ይተርፋል። ለቋሚው ወጪ መሸፈኛ የሚዋጣ ስለሆነ መዋጮ እንበለው። 44,000 ለ110 ሲካፈል 400 ይመጣል፤ በወር 400 ኪሎ ፊሌቶ ሲሸጥ ትርፍም ኪሳራም የለም ማለት ነው። በ26 የሥራ ቀናት ሲካፈል በቀን ከ15 ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። ይህን ቁጥር በፍሪዘሩ በር ላይ መለጠፍ ተገቢ ነው፤ ሠራተኛውም ቀኑ እንዴት እንደዋለ ከዚያ ያውቃል።

ከዚህ ቁጥር ጀርባ ያለው ደካማ ቦታ ግን የዓሣው መግዣ ዋጋ ብቻ አይደለም። ከ100 ኪሎ የሚወጣው ፊሌቶ ከ30 ወደ 28 ኪሎ ቢወርድ የዓሣው ዋጋ በኪሎ ከ480 ወደ 514 ብር ገደማ ያሻቅባል፤ መዋጮው ከ110 ወደ 76 ብር ይወርዳል፤ ከኪሳራ ለመውጣት የሚያስፈልገውም ሽያጭ ከ400 ወደ 580 ኪሎ ገደማ ይዘላል። በመቶ ኪሎ ሁለት ኪሎ ብቻ ነው የጠፋው። የደነዘ ቢላዋ፣ ልምድ የሌለው እጅ ወይም ደቃቃ ዓሣ መረከብ ይህን ያህል ያስከፍላል፤ ጥሩ ፊሌቶ አውጪን በኪሎ 5 ብር ጨምሮ ማቆየት ከማንኛውም ቁጠባ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ወራቱን ማቀድ

የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የእርስዎም ዕቅድ በዚሁ ቢሄድ ለግብር ሒሳብ ይመቻል። የዓሣ ገበያ ግን በ12 እኩል ወራት አይከፈልም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የሊቃውንት ጉዳይ ሆኖ፣ በዐቢይ ጾም ሥጋና ወተት ሲቀር የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ማንም ነጋዴ ያየዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲሆን፣ በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ያለፈውን ዓመት የየካቲት ሽያጭ ለዘንድሮ የካቲት መገልበጥ ስሕተት ነው። አስቀድመው የጾሙን መግቢያ ይወስኑ፤ ከዚያ ሽያጩን በሳምንት ይደልድሉ።

ቀዝቃዛ በሆነ ወር 250 ኪሎ ብቻ ቢሸጥ ከ400 የጎደለው 150 ኪሎ በ110 ሲባዛ 16,500 ብር ጉድለት ነው። በጾሙ አንድ ወር 900 ኪሎ ቢሸጥ 55,000 ብር ይተርፋል። ይህ ትርፍ ከሦስት ቀዝቃዛ ወራት ጉድለት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ስለዚህ ሁሉን በፋሲካ ማግስት ለሌላ ጉዳይ ማዋል ክረምቱን በብድር መግፋት ይሆናል።

የአቅርቦቱም ወራት መታሰብ አለባቸው። የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች እየወጡ እንቁላል ይጥላሉ። በእነዚህ ወራት በወንዝ አፍ ላይ ተጠምዶ የተያዘ ዓሣ በርካሽ ሊቀርብ ይችላል። ዕቅድዎን በእርሱ ላይ አይመሥርቱ፤ ዛሬ በርካሽ የተገዛው እናት ዓሣ በሚመጡት ዓመታት ከሐይቁ የሚጎድለው ዓሣ ነውና፣ በደብተሩ ባይታይም ወጪ ነው።

ወሩ ሲያልቅ ዕቅድን ከክንውን ማስተያየት

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ለ500 ኪሎ ታቅዶ ተለዋዋጭ ወጪው 265,000 ብር ነበር እንበል፤ የተሸጠው 600 ኪሎ፣ የወጣው 330,000 ብር ሆነ። «65,000 ብር ከዕቅድ በላይ አወጣችሁ» ብሎ ሠራተኛን መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው፤ ሽያጩ ስለጨመረ ወጪው መጨመር ነበረበት። ዕቅዱን መጀመሪያ ወደ 600 ኪሎ ያሳድጉት፦ 600 በ530 ሲባዛ 318,000 ብር። እውነተኛው ብልጫ 12,000 ብር ብቻ ነው።

ከዚያ የ12,000ውን ምክንያት ይፈልጉ። ዓሣው የተገዛው በዚያው በ150 ብር ከሆነ ጥፋቱ የገዢው አይደለም። ደብተሩ በ2,000 ኪሎ ፈንታ 2,080 ኪሎ ሙሉ ዓሣ እንደገባ ካሳየ፣ ተጨማሪው 80 ኪሎ በ150 ሲባዛ በትክክል 12,000 ብር ይመጣል። እንግዲህ ጥያቄው ወደ ቢላዋው፣ ወደ ዓሣው ትልቀት ወይም ወደ ሚዛኑ ይሄዳል።

ሁለት ውሳኔዎች

አንድ የአዲስ አበባ ሆቴል በየወሩ 100 ኪሎ በ590 ብር ልውሰድ፣ ማጓጓዣውም በእኔ ይሁን ቢልስ? በወር 500 ኪሎ የሚሸጥ ሰው ቋሚ ወጪውን ቢያካፍል በኪሎ 88 ብር ይደርሰዋል፤ ጠቅላላው 618 ስለሚሆን «በ28 ብር እከስራለሁ» ይላል። ይህ ስሌት ለዚህ ጥያቄ አይሆንም፤ ኪራዩና ደመወዙ ትእዛዙ መጣም ቀረም ይከፈላሉና። በትእዛዙ ምክንያት የሚጨመረው ወጪ 530 ብቻ ስለሆነ በኪሎ 60፣ በወር 6,000 ብር ይገኛል። ይህ የሚሠራው ግን ፍሪዘሩ ባዶ ቦታ ካለውና የባሕር ዳር ደንበኞች ያንኑ ዋጋ የማይጠይቁ ከሆነ ነው። በጾም ወራት፣ ያለው ሁሉ በ640 በሚያልቅበት ጊዜ፣ ለሆቴሉ የሚሄደው እያንዳንዱ ኪሎ 50 ብር ያሳጣል።

ሁለተኛው ዓሣ በሚያጥርበት ጊዜ የሚመጣ ነው፦ ፊሌቶ ላውጣ ወይስ ሙሉውን ልሽጥ? በኪሎ 110 ብር የሚያስገኘው ፊሌቶ የተሻለ ይመስላል። ያጠረው ነገር ግን ሙሉ ዓሣው ስለሆነ መለኪያው የሙሉ ዓሣ ኪሎ መሆን አለበት። ከ100 ኪሎ ሙሉ ዓሣ 30 ኪሎ ፊሌቶ 3,300 ብር መዋጮ ይሰጣል። ሙሉ ዓሣው በ190 ብር ቢሸጥና ለበረዶና ለፌስታል 5 ብር ቢወጣበት በኪሎ 35፣ በመቶ ኪሎ 3,500 ብር ይገኛል። ዓሣ በበዛበትና የፊሌቶ ደንበኛ በሚጠብቅበት ወር ይህ ስሌት ስለማይሠራ እንደገና ይታያል።

ሆቴሉ የሚከፍለው ከ30 ቀን በኋላ ከሆነ ደግሞ 100 ኪሎ በ530 ሲባዛ 53,000 ብር ለአንድ ወር በዱቤ ይያዛል። ይህ ገንዘብ 350 ኪሎ ያህል ሙሉ ዓሣ የሚገዛ ነው። ስለዚህ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት የጾሙን ሳምንታት ከማስረከቢያው ጊዜ ያውጡ፤ ግማሹ ክፍያም ዓሣው ሲጫን እንዲገባ በጽሑፍ ያስገቡ።