የሰሜን ተራሮችን ፕሪሙላ ከዘር እንዴት ማብቀል ይቻላል?

ፕሪሙላ በሰሜን ተራሮች የሚበቅል የአበባ ተክል ነው። ቅጠሉ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፤ ከመሃሉ በሚወጣው ዘንግ ዙሪያ ቢጫ አበቦቹ ደርብ በደርብ ይደረደራሉ። ውኃ በሚንጠባጠብበት ገደል ላይ የሚኖር ተክል ነው። አንዱ የቅርብ ዘመዱ በየመንና በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሌላው በግብፅ፣ በሲና በቅድስት ካትሪን ተራሮች ይበቅላል፤ የሲናው ሊጠፋ ጫፍ ደርሷል። ሦስቱን የአንድ ዝርያ መልኮች የሚሏቸው ባለሙያዎች አሉ፣ ሦስት ዝርያ የሚሏቸውም አሉ።

ዘሩን ከሚያለማ ሰው ያግኙ። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መንቀል ክልክል ነው፤ ሥሩም ከድንጋይ ስንጥቅ ሳይበጠስ አይወጣም።

ሁለት እጅ የተነፋ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ የደቀቀ ስኮሪያ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ቀላቅለው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማሰሮ ይሙሉና ያርጥቡ። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር አሽተው ይበትኑት። አፈር አያልብሱት፤ ብርሃን ይፈልጋል። ላዩን በላስቲክ ሸፍነው ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ቦታ ያስቀምጡት። ለመብቀል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጅበታል። ሙቀቱ ከ20 ካለፈ ብዙው ዘር ተኝቶ ይቀራል።

ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ፣ ግንዱን ሳይሆን ቅጠሉን ይዘው ለየብቻ ይትከሉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውኃው ላይ ነው። «ገደል ላይ እርጥብ ነው የሚኖረው» ብሎ ማሰሮውን ውኃ ውስጥ የሚያቆይ ይገድለዋል። ገደሉ ላይ ያለው ውኃ ይፈሳል፣ አየር ይዞ ያልፋል፤ ሳህን ላይ የተኛ ውኃ ግን ሥሩን ያፍነዋል። ስለዚህ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውኃ ባለበት ሳህን ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ያስቀምጡት፤ የላዩ አፈር ሲጠቁር አንስተው ያንጠፍጥፉት። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ ጠማው ብለው አይጨምሩ፤ ሥሩ እየበሰበሰ ነው። ነቅለው ቡናማ የሆነውን ይቁረጡና አሸዋ በበዛበት ድብልቅ እንደገና ይትከሉት። የሚረጭ ጠርሙስ ለዚህ ተክል አይሆንም፤ ዱቄቱን ያጥባል፣ መሃል ላይ የቀረው ጠብታም እምብርቱን ያበሰብሳል። ዱቄቱን በጣትም አይንኩት፤ አሻራዎ ይቀርበታል።

ዘር ለመሰብሰብ ካሰቡ ዘመዳሞቹን አንድ ላይ አያስቀምጡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ለንደን በሚገኘው የኪው ዕፅዋት ማዕከል፣ የየመኑ ፕሪሙላ ከሂማልያ ዘመዱ ጋር በራሱ ጊዜ ተዳቅሎ መካን ተክል ወጥቷል፤ ዘር መስጠት የቻለው በኋላ ክሮሞዞሙ (በሴሉ ውስጥ የዘር ውርስን የሚይዘው ክፍል) ከ18 ወደ 36 ሲያድግ ነው።

ፍሬው ሲገረጣ፣ አናቱ ሳይከፈት፣ በወረቀት ከረጢት ይሸፍኑት። ዘሩን ሳይቆይ ይዝሩት።