ያነበቡትን መጽሐፍ በተመለከተ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጽሐፍ ጨርሶ የተሰማውን መጻፍ ለብዙ አንባቢ ቀላል ይመስለዋል። ጉድለቱ የሚታየው ሌላ ሰው ሲያነበው ነው። ደራሲው ተመስግኗል፣ ታሪኩ ተተርኳል፤ ጸሐፊው መጽሐፉን ስለማንበቡ ግን ከጀርባ ሽፋኑ ያለፈ ማስረጃ የለም። ከዚህ በታች ከሚቀርቡት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ መልሶ በትዝታ ብቻ ከመጻፍ ነው።

ታሪኩን መልሶ መተረክ

ከሁሉም በላይ የሚዘወተረው ይህ ነው። አምስት አንቀጽ ካለው ጽሑፍ አራቱ «ከዚያም… ከዚያም…» እያሉ ይነጉዳሉ፣ አምስተኛው «ደራሲው ግሩም አድርጎ ጽፎታል» ብሎ ይዘጋል። መጽሐፉን ያነበበ ሰው አዲስ ነገር አያገኝበትም፤ ያላነበበው ደግሞ ተነግሮት ስላለቀ መጽሐፉን አይገዛም። ለ400 ቃል ጽሑፍ ከ60 እስከ 80 ቃል የታሪክ መግለጫ በቂ ነው፤ ማን፣ የት፣ በየትኛው ዘመን፣ ምን ገጠመው። ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ በኋላ የሚመጣ ክስተት የሚነሣው የሚሉትን ለማሳየት ግድ ሲሆን ብቻ ነው። ፍጻሜውን መንካት ካለብዎ ከአንቀጹ በፊት ያስጠንቅቁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በመሰለ ሥራ ላይ ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ ርዕሱ መድረሻውን አስቀድሞ ተናግሯል። የአዲስ ወንጀል ነክ ልብ ወለድ ገዳይ ማን እንደሆነ ማውጣት ግን በደራሲውም በአንባቢውም ላይ ግፍ ነው።

በቅጽል መሸፋፈን

«ቋንቋው ውብ ነው»፣ «ልብ ሰቃይ ነው»፣ «ገጸ ባሕርያቱ ሕያው ናቸው»፣ «ሁሉም ሊያነበው የሚገባ!» እነዚህ ለማንኛውም መጽሐፍ ይሆናሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ከሌላ መጽሐፍ ስም ጋር ያንብቡት፤ ሳይጎረብጥ ካለፈ ይሰርዙት።

እንዴት እንደሚታረም በምሳሌ እንየው። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጻፈው አብዛኛው ማስታወሻ «የባላባትና የድኻ ልዩነት ፍቅራቸውን እንዴት እንደቀጨው ልብ በሚነካ ሁኔታ ያሳያል» ይላል። ሐሰት አይደለም፣ ግን ግማሽ ነው። በዛብህን ከፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ከሰብለ ወንጌል የሚለየው ትውልዱ ብቻ አይደለም። ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተውታል፤ ሚስት ማግባት ስለቱን ማፍረስ ነው። እንግዲህ አንዱ ማገጃ ከባላባቱ ግቢ የመጣ ነው፣ ሌላው በዛብህ ማንኩሳ ካለው ከወላጆቹ ቤት ይዞት የወጣው ነው። ይህን ያስተዋለ ጸሐፊ «ልብ ይነካል» ማለት አያስፈልገውም። «ፊታውራሪ ቢፈቅዱ ኖሮስ በዛብህ ነጻ ይሆን ነበር?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ መልሱን ለማግኘት ወደ መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች መመለሱ የማይቀር ነው። የሚነበብ ማስታወሻም የሚወጣው ከዚያ ነው።

የዚያው መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳም እንዲሁ «አብዮተኛ» ወይም «ከዘመኑ የቀደመ» ተብሎ ይታለፋል። ይልቅስ የሚናገረውን ለመናገር ማን ፈቀደለት? ከዚያው ከባላባቱ ወገን ነው፤ በዚያ ላይ «ጉዱ» ብለውታል። ያንኑ ወቀሳ አንድ ጭሰኛ ቢናገረው አመፅ ይባል ነበር፤ ከእሱ ሲመጣ ግን እብደት ተብሎ ይሳቅበታል። እንዲህ ያለ አንድ አንቀጽ ከሃያ «ድንቅ» ይሻላል።

ደራሲውን ከገጸ ባሕርይው ጋር አንድ ማድረግ

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ለዚህ ስህተት እንደተመቸ ሌላ መጽሐፍ የለም ማለት ይቻላል። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደግሞ የገባበት ጠፋ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄዳል። በዓሉም ጋዜጠኛ ነበር፣ በዘመቻውም ተሳትፏል። ስለዚህ ብዙዎች ጸጋዬ የሚያፈቅራትን ገጸ ባሕርይ ይዘው «በዓሉ አስመራ ላይ ከፊያሜታ ጋር ፍቅር ይዞት…» ብለው ይጽፋሉ።

ጉዳቱ የስም መምታታት ብቻ አይደለም። መጽሐፉ የኑዛዜ ቃል ሆኖ ስለሚነበብ ደራሲው ከጸጋዬ ራቅ ብሎ የቆመባቸው ቦታዎች፣ የጸጋዬ የዋህነትና ራሱን ማታለል፣ አይታዩም። ማረሚያው በግሦቹ ላይ ነው። ጸጋዬ ያፈቅራል፣ ይጠራጠራል፣ ይሳሳታል፤ በዓሉ ይመርጣል፣ ያስቀድማል፣ ያዘገያል፣ ይቆርጣል። ለደራሲው የሰጡት ግሥ ከሁለተኛው ዓይነት ካልሆነ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ይሥሩት። የደራሲውን ዕጣ ማንሣት ተገቢ ነው፤ ግን ራሱን በቻለ አንቀጽ ይሁን። ሰውን ሕይወቱን ያስከፈለ መጽሐፍ ስለከፈለው ዋጋ ብቻ ጥሩ መጽሐፍ ተብሎ አይመሰገንም፤ «ኦሮማይ» ደግሞ ይህን ዓይነት ምጽዋት አያስፈልገውም።

የውስጥ ገጹን ሳያዩ መረጃ መስጠት

የመጽሐፉ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ዓመት፣ እትምና የገጽ ብዛት መጀመሪያ ላይ ይቀመጣሉ። እዚህ የሚፈጸሙ ስህተቶች ጥቃቅን ቢመስሉም ተከታዩን ሐሳብ ሁሉ ያበላሻሉ፤ ዋናው የዘመን አቆጣጠር ነው። የአማርኛ መጻሕፍት በብዛት ዓ.ም. ይዘው ይወጣሉ። የ«ኦሮማይ»ን 1975 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የወሰደ ሰው መጽሐፉ ከሚተርከው ዘመቻ ሰባት ዓመት ቀድሞ እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ቀይ ኮከብ የተጀመረው በ1974 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1982 ነውና። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። መጽሐፉ የታተመበትን ወር ካላወቁ ሁለቱንም ዓመት በእዝባር ይጻፉ፤ 1958 ዓ.ም. ሲሆን 1965/66።

ማተሚያ ቤቱን አሳታሚ ማድረግም የተለመደ ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ደራሲ መጽሐፉን በራሱ ወጪ ያሳትማል። ውስጠኛው ገጽ ላይ የሚገኘው የድርጅት ስም የአታሚው ብቻ ከሆነ «አሳታሚ፦ ደራሲው» ነው የሚባለው። እትምና ድጋሚ ኅትመትም ይለያያሉ፤ «ሁለተኛ እትም» ሲባል ይዘቱ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የያዙት የትኛው እንደሆነ ይጻፉ። ደራሲውን በራሱ ስም ይጥሩ። «ግርማ እንደሚለው» የሚል ጽሑፍ ስለ አባትየው እያወራ ነው። ፊደሉንም ሽፋኑ ላይ እንዳለ ይውሰዱ፤ «ሐዲስ ዓለማየሁ» የተባለውን «ሀዲስ አለማየሁ» ካሉት፣ በአንዱ ፊደል የሚፈልግ ሰው በሌላው የተጻፈውን ላያገኘው ይችላል። አንቱታም እንዲሁ ነው። «ደራሲው ጽፈዋል» ብለው ከጀመሩ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ጽፏል» አይበሉ።

ከገጹ ያልተወሰደ ጥቅስ

በቴሌግራምና በፌስቡክ በታላላቅ ደራስያን ስም የሚዞረው አባባል ሁሉ የእነሱ አይደለም። ደንቡ አንድ ነው፤ ገጹን ካላገኙት አይጥቀሱ። ያገኙትን ደግሞ ከነሥርዓተ ነጥቡና ከነፊደሉ ይገልብጡ፤ የገጽ ቁጥሩንና እትሙን ያክሉበት፣ ምክንያቱም ፊደሉ እንደገና የተለቀመ እትም ገጾቹ ይንሸራተታሉ። በስልክ የሚነበብ መጽሐፍ የፊደሉ መጠን በተለወጠ ቁጥር ገጹ ስለሚለወጥ ምዕራፉን ይጥቀሱ። ሁለት ወይም ሦስት አጭር ጥቅስ ለአንድ ማስታወሻ ይበቃል፤ ከእያንዳንዱ ጥቅስ በኋላ ቢያንስ ያንኑ ያህል የራስዎ ቃል ይኑር።

የጎደለ ቅጂ ይዞ ደራሲውን መውቀስ

«ምዕራፉ በድንገት ይቋረጣል» የሚል ትችት ከመጻፍዎ በፊት የገጽ ቁጥሮቹን ይመልከቱ። መጽሐፍ የሚታተመው በትልልቅ ወረቀት ላይ ነው፤ አንዱ ወረቀት ሲታጠፍ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ይሆናል። ጥረዛ ላይ አንድ እጥፋት ከተዘለለ ከገጽ 96 ወደ 113 ይዘላሉ፤ ሁለቴ ከገባ ደግሞ ያው ታሪክ ይደገማል። በስልክ ካሜራ ተነሥቶ የሚዞር ፒዲኤፍ ከዚህ የባሰ ነው፤ ሁለት ገጽ አብሮ ሲገለጥ ማንም ሳያየው ያልፋል። እንዲህ ያለውን ፒዲኤፍ ከማስታወሻው ጋር አባሪ ማድረግ ደግሞ ከስህተትም ያለፈ፣ የደራሲውን እንጀራ መንካት ነው።

ያዳመጡትን «አነበብኩ» ማለት

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙ ሰው የሚያውቀው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። ማዳመጥ ነውር የለውም፤ መደበቁ ግን ፍርድን ያዛባል። የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ ያስቀዎት ከሆነ ያሳቀዎት ዓረፍተ ነገሩ ነው ወይስ የተዋናዩ ድምፅ? ለይቶ ለማወቅ ያንን ክፍል አውጥተው ድምፅ ሳያሰሙ ያንብቡት። ልዩነት ካገኙ ልዩነቱ ራሱ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ተርጓሚውን መርሳት

የትርጉም ሥራ አንብበው «የደራሲዋ አማርኛ ይጣፍጣል» የሚሉ አሉ። የሚጣፍጠው አማርኛ የተርጓሚው ነው፣ የሚጎረብጠውም እንደዚሁ። «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን (የማርጋሬት ሚቸልን «Gone with the Wind») ነቢይ መኮንን የተረጎመው እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ስሙን ሳይጠሩ ማለፍ አይገባም። የተርጓሚው ስም ከደራሲው ስም አጠገብ ይቀመጥ። ትርጉሙ የተሟላ ይሁን ያጠረ ደግሞ መግቢያው ላይ ይፈልጉ፤ ካጠረ «ታሪኩ ይጣደፋል» የሚለውን ወቀሳ ለደራሲው አያስተላልፉ።

ግለ ታሪክን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ መቀበል

ስለ አብዮቱ ዘመን የተጻፉ ግለ ታሪኮችን ሲያነቡ ያንኑ ክስተት በሌላ ወገን ከጻፈ ሰው ጋር ያስተያዩ። የኢሕአፓ ሰው የጻፈውንና የመኢሶን ሰው የጻፈውን ጎን ለጎን ያላየ አንባቢ «ለካ እንዲህ ነበር!» ለማለት አይቸኩል። ሁለተኛ መጽሐፍ ካላገኙ «እንደ ጸሐፊው አገላለጽ» የምትለዋን ሐረግ ያስገቡ፤ ጸሐፊው ራሱ በዓይኑ ያየውንና ከሰው የሰማውን ለይቶ እንደሆነም ይናገሩ።

መቸኮልና ማዘግየት

የመጨረሻውን ገጽ ዘግቶ ወዲያው መለጠፍ የፍጻሜውን ስሜት ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ከወር በኋላ መጻፍ ደግሞ ስሞቹን እንኳ ያሳስታል። የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው። ሲያነቡ አንድ ቁራጭ ወረቀት በመጽሐፉ ውስጥ ይኑር፤ የገጽ ቁጥርና ሦስት አራት ቃል ብቻ ይጻፉበት፣ «112፣ ስለቱ እንደገና» እንደማለት። ለ300 ገጽ መጽሐፍ ከ10 እስከ 15 ምልክት ይበቃል፤ ከግማሹ በላይ የተሰመረበት መጽሐፍ ምንም አልተሰመረበትም። በጨረሱ ዕለት መጽሐፉን ሳይገልጡ አእምሮዎ ውስጥ የቀረውን በአምስት ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ምልክት ያደረጉባቸውን ገጾች ከፍተው ከአምስቱ ጋር ያመሳክሩ። የሚያስታውሱትና ገጹ ላይ ያለው የማይገጥሙበት ቦታ ካገኙ ጽሑፍዎን ከዚያ ይጀምሩ፤ ደራሲው ሳይናገር እንዴት እንዳሳመነዎ የሚታየው እዚያ ነው።

ዝምድናን መደበቅ

መጽሐፉ በምረቃ ላይ በስጦታ ከተሰጠዎ ወይም ደራሲው ጓደኛዎ ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። አንባቢ ይቅር የማይለው ዝምድናውን ሳይሆን መደበቁን ነው። ለወዳጅ ሁሉ አምስት ኮከብ መስጠትም ያው ነው፤ አንባቢዎች ለመጻሕፍት ኮከብ በሚሰጡበት በጉድሪድስ ድረ ገጽ ሦስት ኮከብ ማለት እኮ «ወደድኩት» ማለት ነው፣ ስድብ አይደለም።

ጽሑፉን ከሽፋኑ ፎቶ ሥር መጨናነቅ

ቴሌግራም ላይ ለተራ ተጠቃሚ ከፎቶ ሥር የሚፈቀደው 1024 ፊደል ነው፤ በአማርኛ ከ200 ቃል ብዙም አይበልጥም። ብዙ ሰው እዚያ ውስጥ ለማስገባት ሲል ጥቅሶቹንና የገጽ ቁጥሮቹን ቆርጦ ምስጋናውን ያስቀራል። ፎቶውን ለብቻው ልከው ጽሑፉን በሚቀጥለው መልእክት ቢያደርጉት እስከ 4096 ፊደል ይይዛል፤ 400 ቃል የሚሆነው ማስታወሻ ከነጥቅሶቹ ያለ ችግር ይገባል።