በኬርሴቲን ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኬርሴቲን ከሽንኩርት ልጣጭና ከብዙ ሌሎች ዕፅዋት የሚገኝ ቢጫ ፍላቮኖይድ ነው። ኪናዝ የተባሉትን፣ ፎስፌት ሌሎች ሞለኪውሎች ላይ የሚያያይዙ ኢንዛይሞች ስለሚገታ ሴል ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይወዱታል። ኤልዋይ294002 የተባለው፣ ፒአይ3ኬ የሚባለውን ኪናዝ የሚገታ የታወቀ ውህድም የተቀረጸው ከእሱ ተነስቶ ነው። ግን ኬርሴቲን አርፎ የሚቀመጥ ሞለኪውል አይደለም። ሚዲየሙንም (ሴሎች የሚያድጉበትን ፈሳሽ) መለኪያውንም ይነካካል። ብዙ ልፋት መና የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ሴል የሌለበት ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) አለማዘጋጀት ነው። ኤምቲቲ የሚባለውን፣ ሕያው ሴሎችን በቀለም የሚለካውን መለኪያ እንውሰድ። ሐምራዊ ቀለም የሚሰጡት በሕይወት ያሉ ሴሎች ናቸው ብለን እናምናለን። ኬርሴቲን ግን ኤምቲቲን በራሱ ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል። ስለዚህ የሞቱት ሴሎች ደህና ይመስላሉ። ሚዲየምና ኬርሴቲን ብቻ ያለባቸው ጉድጓዶች ፕሌቱ (ሴሎቹ የሚያድጉበት ባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን) ላይ ይኑሩ። ኤምቲቲውን ከመጨመራችሁ በፊት ሴሎቹን እጠቡ። ውጤቱንም በትሪፓን ብሉ (የሞቱ ሴሎችን በሚያቀልም ቀለም) ቆጥራችሁ አመሳክሩት።

ሁለተኛው ስህተት ኬርሴቲኑ ኢንኩቤተር ውስጥ እንደገባ ይቆያል ብሎ ማሰብ ነው። አይቆይም። በ37 ዲግሪ፣ ሚዲየም ውስጥ፣ በሰዓታት ጊዜ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ያመነጫል። ታዲያ ሴሎቹን የገደላቸው ማነው? ለማወቅ ካታሌዝ (ፐርኦክሳይድን የሚያፈርስ ኢንዛይም) የተጨመረባቸው ጉድጓዶች ጎን ለጎን አዘጋጁ። ሞቱ ከቀነሰ ጥፋተኛው ፐርኦክሳይዱ ነው። ፓይሩቬት ያለበት ሚዲየም ፐርኦክሳይድን ስለሚያጠፋ፣ ሁለት ቤተ ሙከራዎች በሚዲየም ልዩነት ብቻ የተለያየ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ። በእኔ እምነት የካታሌዝ ሙከራ የሌለበት የ«ሴል ገደለ» ድምዳሜ ገና አላለቀም።

ሚዛን ላይ የሚሠራ ስህተትም አለ። ውሃ የሌለው ኬርሴቲን የሞለኪውል ክብደቱ 302.24 ሲሆን፣ ዳይሃይድሬቱ (ሁለት የውሃ ሞለኪውል ያለበት) 338.27 ነው። ዳይሃይድሬቱን በ302.24 ካሰላችሁት ውህዳችሁ 11 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፣ በቃ።

ኬርሴቲን በውሃ በደንብ አይሟሟም፤ ዲኤምኤስኦ የተባለ ማሟሚያ ይፈልጋል። ውሃ አልባ ከሆነው 3.02 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ ቢሟሟ 10 ሚሊሞላር ይሆናል። ይህን ሺህ ጊዜ ስታቀጥኑት 10 ማይክሮሞላር ኬርሴቲንና 0.1 በመቶ ዲኤምኤስኦ ታገኛላችሁ። መጠኑን ስትቀያይሩ ዲኤምኤስኦው አብሮ እንዳይቀያየር፤ ኮንትሮሉን ጨምሮ በሁሉም ጉድጓድ እኩል ይሁን። የተረፈውን በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ ከብርሃን ሸፍናችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ።

መጠን መቆለልም ያሳስታል። በ100 ማይክሮሞላር የተገኘ ውጤት ስለ ሰው አካል ብዙም አይናገርም። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚዘዋወረው በአብዛኛው ከግሉኩሮኒክ አሲድ ወይም ከሰልፌት ጋር የተጣመረው ነው፤ እሱም በጣም ጥቂት ነው። መጠኑ ሲበዛ ሞለኪውሎቹ ተጠራቅመው ጥቃቅን ክምችት ይሠራሉ፤ ያገኙትን ፕሮቲን ሁሉ እየያዙም ሥራውን ያስተጓጉላሉ።

ስለዚህ «ኬርሴቲን ይህን ኪናዝ ገታ፣ ለዚህ ነው ሴሉ የተለወጠው» ለማለት አትቸኩሉ። ብዙ ኪናዞችን በአንድ ጊዜ ይነካል። የጠረጠራችሁትን ኪናዝ ጂን ጸጥ አሰኙና (ሥራውን አስቁሙና) ያው ለውጥ ይመጣ እንደሆነ እዩ። በመዋቅር የማይመሳሰል ሌላ ገቺ ውህድም ሞክሩ። ሁለቱም ካልደገሙት፣ ያንን ኪናዝ ተዉትና ሌላ ምክንያት ፈልጉ።