ዘዊት ሲለካ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ከፕሮትራክተሩ በፊት ግምት ይቅደም

ልጅ የቤት ሥራ ስታስጠኑ ይህን ሳታዩ አትቀሩም። የተሳለው ዘዊት ሹል (ከ90 ዲግሪ ያነሰ) ነው፤ ልጁ ግን 130 ዲግሪ ብሎ ጽፏል። ፕሮትራክተሩን ያስቀመጠው በትክክል ነው። የተሳሳተው ቁጥሩን ሲያነብ ነው። ፕሮትራክተር ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ ይነሳል። ስለዚህ 50 እና 130 አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። መፍትሔው አንደኛው ጨረር (ዘዊቱን ከሚሠሩት ሁለት መስመሮች አንዱ) ያረፈበትን ዜሮ መፈለግና ከዚያ የሚነሳውን ረድፍ ብቻ መከተል ነው።

ከዚህም በላይ የሚያድነው ግን ግምት ነው። ፕሮትራክተሩን ከማንሳቱ በፊት "ከወረቀት ጥግ ይጠባል ወይስ ይሰፋል?" በሉት። የወረቀት ጥግ 90 ዲግሪ ነው። ጥጉ እኩል ለሁለት ሲታጠፍ 45 ይሆናል። ዘዊቱ ከጥጉ ከጠበበ 130 የሚባል መልስ አይታሰብም። ሳይገምቱ መለካት፣ በእኔ እምነት፣ ከስህተቶቹ ሁሉ ትልቁ ነው።

ሌላው ስህተት ረጅም መስመር ያለውን ዘዊት ትልቅ አድርጎ ማየት ነው። ዘዊት የሚነግረን አንዱ ጨረር ከሌላው ምን ያህል እንደዞረ ነው፤ ርዝመት አይገባበትም። ልጁ የ40 ዲግሪ ዘዊት ስሎ እንዲለካ ካደረጋችሁ በኋላ ሁለቱንም መስመሮች በማስመሪያ አስረዝሙና እንደገና ይለካ። ያው 40 ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ መስመሩ አጥሮ ቁጥሮቹ ጋ ባልደረሰ ጊዜም ለማስረዘም አይፈራም።

የፕሮትራክተሩን የታችኛ ጠርዝ መነሻ ማድረግም አለ። መነሻው የዜሮው መስመር ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ከጠርዙ ትንሽ ከፍ ይላል።

የጎነ ሶስት ሦስቱ ዘዊቶች ተለክተው ድምራቸው 180 መሆን ሲገባው 179 ወይም 182 ቢመጣ አትደንግጡ፤ እጅና እርሳስ ያመጡት ልዩነት ነው። ልጁ 180 እንዲሞላለት ብሎ ቁጥር ሲቀይር ግን ዝም አትበሉ። ያገኘውን በታማኝነት ይጻፍ። ድምሩ በጣም ከራቀ ደግሞ እንደገና ይለካ።

ለግምት ልምምድ የግድግዳ ሰዓት ጥሩ ነው። በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል 30 ዲግሪ አለ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰዓት ቆጣሪው 3 ላይ፣ ደቂቃ ቆጣሪው 12 ላይ ስለሚሆን 90 ይሆናል። ዘጠኝ ተኩል ላይስ? ደቂቃ ቆጣሪው 6 ላይ ስለሆነ ብዙዎች አሁንም 90 ይላሉ። ሰዓት ቆጣሪው ግን 3 ላይ አልቆመም፤ ወደ 4 ግማሽ መንገድ ሄዷል። ስለዚህ መልሱ 75 ነው። በዚሁ መንገድ አሥር ተኩልን አስሉት፤ 45 ሊመጣላችሁ ይገባል።