በማረሚያ ቤት ውስጥ የሱስ አማካሪ ሆኖ እንዴት ይሠራል?

በማረሚያ ቤት የሚሠራ የሱስ አማካሪ ሁለት ወገኖች ይጠብቁታል፤ ታራሚው «ምስጢሬን ይጠብቅልኛል» ሲል፣ ተቋሙ ደግሞ «ጸጥታዬን አያናጋብኝም» ይላል። ሁለቱም የሚጠብቁት ተገቢ ነገር ነው፤ ሥራው የሚበላሸው አማካሪው አንዱን ለማስደሰት ሲል ሌላውን በዝምታ ሲያታልል ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ሥራውን ለሚጀምር ሰው፣ እንዲሁም የቅርብ ሰው ታስሮባቸው አገልግሎቱ ምን እንደሚመስል ማወቅ ለሚፈልጉ ሁሉ የቀረበ ነው።

የሚጠየቀው ትምህርት ከአገር አገር ቢለያይም፣ በብዙ ቦታ በሥነ ልቦና፣ በማኅበራዊ ሥራ ወይም በነርስነት የተገኘ መሠረት፣ በሱስ ሕክምና ላይ ያተኮረ ተጨማሪ ሥልጠና፣ በባለሙያ ክትትል ሥር ያለፈ የልምምድ ጊዜና የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ራሳቸው ከሱስ ያገገሙ ሰዎችም በዚህ ሙያ ውስጥ አሉ፤ ታሪካቸው በር ይከፍትላቸዋል፣ ሥልጠናውን ግን አይተካላቸውም።

1. አስቀድመው ተቋሙን ይወቁ

ምክር ከመጀመርዎ በፊት የቤቱን ሥርዓት ይማሩ፤ የታራሚዎች ቆጠራ በስንት ሰዓት እንደሚካሄድ፣ ታራሚን ከክፍሉ ለማስጠራት ማን እንደሚፈቅድ፣ ድንገተኛ ፍተሻ ሲኖር ቀጠሮ እንዴት እንደሚተላለፍ ይጠይቁ። ከባድ ነገር መናገር ጀምሮ ሳለ በቆጠራ የተቋረጠ ታራሚ ወደ ክፍሉ የሚመለሰው ልቡ እንደታወከ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ጉዳይ በቀጠሮው ማብቂያ አካባቢ አይክፈቱ። ጥበቃው በመስታወት ማየት የሚችልበትን፣ ንግግሩን ግን መስማት የማይችልበትን ክፍል ይጠይቁ፤ ሲቀመጡም በሩ ለእርስዎ ቅርብ ይሁን። ስልክ ቀርቶ ሽቦ ያለው ደብተርና በስቴፕለር የተያያዘ ወረቀት እንኳ ይዘው ከመግባትዎ በፊት መፈቀዱን ያረጋግጡ።

ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ትንሽ ውለታ ነው። «እናቴ ታማለች፤ በዚህ ቁጥር ደውለው ደኅና መሆኗን ብቻ ይጠይቁልኝ» የሚል ልመና ሲመጣ እምቢ ማለት ጭካኔ ይመስላል። ልመናው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ደንብ የጣሰ አማካሪ፣ ነገ ዕቃ እንዲያስገባ ሲጠየቅ እምቢ የማለት አቅም ያጣል፤ የትናንቱ ስልክ ማስፈራሪያ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላልና። «ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ እኔ መደወል አልችልም፣ ግን ለማኅበራዊ ሠራተኛው ዛሬውኑ አመለክትልዎታለሁ» ይበሉ፤ ካሉም ዛሬውኑ ያድርጉት።

2. የምስጢርን ወሰን ከሁሉ አስቀድመው ያስረዱ

ታራሚው ስለ ራሱ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ምን በምስጢር እንደሚያዝና ምን እንደማይያዝ ይንገሩት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ታራሚዎች አያያዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ካጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ውስጥ ቁጥር 32 የታራሚ የሕክምና መረጃ በምስጢር እንዲያዝ ይደነግጋል፤ ወሰን የሚያበጅለትም ምስጢሩን መጠበቅ በታካሚው ወይም በሌላ ሰው ላይ እውነተኛና ቅርብ የሆነ አደጋ የሚያስከትል ሲሆን ነው። የየአገሩ ሕግና የየተቋሙ ደንብ ደግሞ እንደ ማምለጥ ዕቅድ፣ በሕፃናት ላይ እንደሚፈጸም ጥቃትና እንደ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያሉ ጉዳዮችን ሊጨምርበት ይችላል። እርስዎን የሚመለከተውን ዝርዝር በጽሑፍ አዘጋጅተው ያንብቡለት፤ ከዚያም በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት፤ ራስ መነቅነቅ ለመረዳቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

«ትናንት እዚሁ ውስጥ ዕፅ ወስጃለሁ ብልዎትስ?» ብሎ ሲጠይቅዎት ደግሞ መልሱ በእጅዎ መኖር አለበት። ይህ ድርጊት ለዲሲፕሊን ቅጣት የሚዳርግ በመሆኑ፣ አማካሪው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ከአስተዳደሩ ጋር በጽሑፍ ሳይስማሙ ሥራ መጀመር ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ታራሚዎች የሚጠራጠሩት ይህንኑ ነው፤ አንድ ሰው በአማካሪ ክፍል በተናገረው ነገር ከተቀጣ ወሬው በዚያው ዕለት ግቢውን ስለሚያዳርስ፣ ከዚያ በኋላ እውነቱን የሚነግርዎት አይኖርም።

3. የመጀመሪያዎቹን ቀናት አደጋ ይለዩ

እስር ሱሰኛውን በድንገት ከለመደው ነገር ይለየዋል። አዘውትሮ በብዛት ይጠጣ የነበረ ሰው መጠጡ በተቋረጠ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ የሚጥል ሕመም ሊነሣበት ይችላል፤ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መንቀጥቀጥ፣ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት የሚታይበት፣ ካልታከመ ሊገድል የሚችል ሁኔታ ሊከተል ይችላል። እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማስታገሻዎችን በድንገት ማቆምም እንዲሁ ለሕይወት ያሰጋል። ሄሮይን ያቆመ ሰው በአብዛኛው ከባድ ሥቃይ ደርሶበት ያልፋል፤ ሆኖም ትውከቱና ተቅማጡ ካልተገታ የሰውነቱ ፈሳሽ አልቆ ሊሞት ይችላል። የአማካሪው ድርሻ ማከም ሳይሆን ምልክቱን አይቶ ሐኪም ሳይዘገይ እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ «ስካሩ ሲለቀው ይሻለዋል» የሚል ጠባቂ ካለም ጉዳዩን በዚያ አይተዉት። ራስን የማጥፋት ሐሳብም በእስሩ መጀመሪያ ቀናት ስለሚበረታ በግልጽ ቋንቋ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም።

4. የሱሱን መጠን በጥንቃቄ ይመዝኑ

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አሲስት የተባለው ማጣሪያ 8 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ከትምባሆና ከአልኮል ጀምሮ የተለያዩ ዕፆችን ይሸፍናል። በማረሚያ ቤት ግን አንድ ወጥመድ አለው፤ በርከት ያሉት ጥያቄዎች ያለፉትን 3 ወራት የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ ታስሮ ግማሽ ዓመት የሞላው ሰው በእውነት «አልተጠቀምኩም» ብሎ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት የነበሩትን 3 ወራት ለብቻ ይጠይቁ። መልሶችም ሁልጊዜ እንደወረዱ አይወሰዱም፤ ቅጣት የሚፈራው ይደብቃል፣ መርሐ ግብሩ ለአመክሮ ይረዳኛል ብሎ የሚያስበው ያጋንናል። ሁለቱንም በውሸታምነት ከመክሰስ ይልቅ መልሱን ከሕክምና መዝገቡ ጋር ያመሳክሩ፤ ከሳምንታት በኋላም ደግመው ይጠይቁ።

5. ተገዶ ከመጣ ሰው ጋር አይሟገቱ

«እኔ ሱሰኛ አይደለሁም፤ ዳኛው ነው የላከኝ» የሚለው አባባል በዚህ ክፍል ደጋግሞ ይሰማል። ሱሰኛ መሆኑን ለማሳመን የሚሞክር አማካሪ ሰውየውን ጠበቃ አድርጎ ያቆመዋል፤ ለራሱ በተከራከረ ቁጥርም አቋሙ ይጠነክራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊሊያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀውና ከስቴፈን ሮልኒክ ጋር ያዳበረው አነቃቂ ቃለ ምልልስ የተባለ ዘዴ፣ የለውጡን ምክንያት ባለጉዳዩ በራሱ አፍ እንዲናገር መንገድ ይጠርጋል። «በፈቃድዎ አልመጡም፤ ይህም ያስቆጣል። ይህ ሰዓት መታለፉ ካልቀረ ለእርስዎ በሚጠቅም ነገር ላይ ብናውለው በምን እንጀምር?» ብለው ይጠይቁት። እንቅልፍ ወይም የልጆቹን ጉዳይ ካነሣ በዚያው ይጀምሩ፤ መጠጡ ወይም ዕፁ ከነዚህ ጉዳዮች ጋር የተያያዘ ከሆነ ወሬው ሳይቆይ ራሱ ይደርስበታል።

6. ቡድኑን ሲያዋቅሩ የጸጥታ ክፍሉን ያማክሩ

የቡድን ምክር ከ8 እስከ 12 ሰው ሲሆን ይመቻል። የስም ዝርዝሩን ከማጽደቅዎ በፊት በአንድ ክስ የተከሰሱ ወይም ቂም ያላቸው ሰዎች አብረው እንዳይገቡ ይጠይቁ። እርስዎ ምስጢር ቢጠብቁ እንኳ ሌሎቹ ታራሚዎች እንደሚጠብቁ ዋስትና መስጠት አይችሉም፤ ስለዚህ ገና በፍርድ ቤት ያለ ክስ፣ ዕዳና ዕፅ የሚያስገባ ሰው ስም በቡድን ውስጥ እንዳይነሣ የመጀመሪያ ደንብ ያድርጉት።

7. ሪፖርቱን አሳጥረው ይጻፉ

ለአመክሮ ወይም ለፍርድ ቤት የሚላክ ሪፖርት ከስንት ቀጠሮ ስንቱ ላይ እንደተገኘ፣ የትኛውን የመርሐ ግብር ክፍል እንደጨረሰና ምን ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ይግለጽ፤ የተናገረውን አይዘርዝር። «ተንኮለኛ ነው» ከማለት ይልቅ «ከ10 ቀጠሮዎች በ4ቱ ላይ አልተገኘም» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ከመላክዎ በፊት ሪፖርቱን ለራሱ ያሳዩት።

8. ለመፈቻው ቀን ከሁለተኛው ቀጠሮ ጀምረው ይዘጋጁ

ከሁሉም እርምጃዎች ሕይወት የሚወሰነው በዚህኛው ላይ ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ከእስር የተፈቱ 30,237 ሰዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የተፈቺዎች የመሞት አደጋ ከሌላው ነዋሪ በ12.7 እጥፍ፣ ዕፅ ከመጠን በላይ በመውሰድ የመሞት አደጋ ደግሞ በ129 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው፣ ሰውነት በእስር ወራት ዕፁን የመቋቋም አቅሙን ስለሚያጣ የዱሮው መጠን አሁን ገዳይ መሆኑ ነው። ይህን ለታራሚው ሳያለሳልሱ ይንገሩት። «እንደገና ጀምር ማለት ይሆንብኛል» ብሎ ዝም ማለት ከአማካሪ የማይጠበቅ ዝምታ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባቸው ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን፣ ማለትም የሄሮይንና የመሰል ዕፆች ሱስ የሚታከምባቸው መድኃኒቶች፣ በማረሚያ ቤቱ ውስጥ የሚሰጡ ከሆነ፣ በመፈቻው ማግስት የት እንደሚቀጥሉ አስቀድሞ ይታወቅ። «አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው» የሚሉ ባልደረቦች ይኖራሉ፤ ሐኪም መጠኑን የሚቆጣጠረውን መድኃኒት ከመንገድ ዕፅ ጋር ማመሳሰል ግን ለሞት የሚያጋልጥ ስሕተት ነው። ሄሮይንና መሰል ዕፆች ከመጠን በላይ ሲወሰዱ ገዳይነታቸውን የሚቀለብሰውን ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት በመፈቻ ቀን የሚሰጡ ማረሚያ ቤቶች አሉ፤ ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይህን በአገር አቀፍ ደረጃ ታደርጋለች። በእርስዎ ተቋም ከሌለ ሐሳቡን ለሐኪሞቹ ያቅርቡ።

ክሱ ገና በፍርድ ቤት ቀጠሮ ላይ ያለ እስረኛ ችሎት ሄዶ ከዚያው ሊለቀቅ ስለሚችል፣ ዕቅዱ በአንድ ገጽ ተጽፎ ቅጂው ሁልጊዜ በእጁ ይሁን፦ የሚያድርበት ቤት፣ የጤና ተቋሙ አድራሻና የቀጠሮው ቀን፣ የሚደውልለት ሰው። በፈቃዱ ላይ ተመሥርተው በቀጠሮው ዕለት ወደ ጤና ተቋሙ ደውለው መድረሱን ይጠይቁ። ተመልሶ ከታሰረ ደግሞ ገጹን አውጥተው አብረውት ያንብቡት፤ የትኛው መስመር እንደሠራለትና የትኛው እንዳልሠራ እየለዩ አዲሱን ዕቅድ ከዚያ ላይ ይጻፉ።