ክራርና መሰንቆ ሲያኮርፉ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

ክራር አንጠልጥለው ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ ጥፋቱን በራሳቸው ጣት ላይ ጭነው ነው የሚመጡት። «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ይላሉ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው መሣሪያው ትናንት ማታ የት እንዳደረ ነው። ቆዳ፣ ጭራና እንጨት ብርድና እርጥበትን ከሰው ቀድመው ያውቃሉ። በሰሜን ሸዋ ደግሞ አየሩ በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ጭራሽ ሌላ ይሆናል።

ደብረ ብርሃን የተቃኘው ሸዋ ሮቢት ላይ ሌላ ዜማ ሆነ

ይህ የሠርገኛ ሙዚቀኞች የዘወትር ሮሮ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ጣርማ በርን አልፈው፣ ደብረ ሲናን ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ከ1,500 ሜትር ያላነሰ ወርደዋል ማለት ነው። ከጉም ወጥቶ ደረቅ ሙቀት ውስጥ የገባ ቆዳ ይወጠራል፤ ሲወጠር በላዩ የቆመችውን በርኩማ፣ ክሮቹን ከፍ አድርጋ የምትይዘውን ትንሽ እንጨት፣ ወደ ላይ ይገፋታል፤ ክሩም አብሮ ይከራል። የመሰንቆ ጭራማ ከዚህ ይብሳል፦ እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ በጣም ተወጥሮ ከሄደ መንገድ ላይ ይበጠሳል። የናይሎን ክር ያለው ክራር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይምታታል፤ ሙቀት ናይሎኑን ያላላዋል፣ ቆዳው ግን ይወጥረዋል፤ ስለዚህ ስድስቱ ክሮች እኩል አይወጡም፣ እኩል አይወርዱም።

መፍትሄው ከመንገድ በፊት ይጀምራል። ከመነሳትዎ በፊት ክሮቹን ሁሉ ያላሉ፤ በርኩማዋ እንዳትወድቅ ያህል ብቻ ይያዙ። መሣሪያውን በጋቢ ጠቅልለው ከእግርዎ አጠገብ ያስቀምጡት እንጂ የመኪናው ጣሪያ ላይ አያስጭኑት። ሲደርሱ ወዲያው አይቃኙ። ዳሱ ውስጥ፣ የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጥ፤ ከዚያ ይቃኙ፤ አንድ ሁለት ዘፈን ከተጫወቱ በኋላም ይድገሙት። ሙሽራው ይጠብቅ። ሳይቃኙ ከመጀመር ይሻላል።

ክረምት ላይ ድምፁ ታፈነ፣ ከበርኖስ ሥር የሚመጣ ይመስላል

ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ላልቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ምድጃ ላይ ይደግነዋል። ይህን እኔም አድርጌዋለሁ፤ ለጊዜው እንደ ከበሮ ጮኸልኝ፣ በሳምንቱ ከጠርዙ ተተረተረ። ቆዳ እየተንጨረጨረ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ወጣ ሲል ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይስቀሉት። ማታ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ያሳድሩት፤ ከመሬት ከፍ ይበል።

የተቀደደ ቆዳ መቀየር ግድ ከሆነ ያልተለፋ የፍየል ቆዳ ጠጉሩን ልጠው ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉ፤ እርጥብ ሳለ ወጥረው ይስፉት ወይም በሚስማር ይምቱት፤ በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ለስላሳ ሆኖ የተለፋ ቆዳ አይሆንም፤ ለአንገት ልብስ እንጂ ለድምፅ አልተሠራም።

መቃኛው አንድም ይንሸራተታል፣ አንድም አልዞር ይላል

ሁለቱም አንድ በሽታ ናቸው። በበጋ ብርድ እንጨቱ ደርቆ ይኮሰምናል፤ መቃኛው፣ ክሩን የሚወጥረው ትንሽ እንጨት፣ በቀዳዳው ውስጥ ይላላል። በክረምት ያብጣል፤ ይጣበቃል። ለሚንሸራተተው ጠመኔ ይቀቡት፤ ለሚጣበቀው ደረቅ ሳሙና። ከቀንበሩ (ከላይ ካለው አግዳሚ እንጨት) ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ የሚቃኝ የድሮ ዓይነት ክራር ከሆነ ደግሞ ጨርቁ አልቆ ለስልሶ ይሆናል፤ ሻካራ በሆነ አዲስ ጨርቅ ይለውጡት።

መሰንቆው ላይ ደጋኑ ይሄዳል፣ ድምፅ ግን የለም

አዲስ ጭራ ሙጫ ካልተቀባ ዝም ይላል፤ ተበላሽቶ አይደለም። ዕጣን ይዘው የደጋኑን ጭራ ከዳር እስከ ዳር ይሹት፤ የመሰንቆውንም ክር ትንሽ ያስነኩት። ቀድሞ ይጮህ የነበረ ከሆነና አሁን ከተንሸራተተ ቅባት ነክቶታል። ቅቤ ተቀብቶ፣ ዶሮ ወጥ በልቶ፣ እጅን በወጉ ሳይታጠቡ ጭራ መንካት የበዓል ሰሞን ልማድ ነው። ቅባት የጠጣ ጭራ ዕጣን አይዝም፤ ይቀየር።

ጭራ ለመለወጥ አገራችን የፈረስ አገር ስለሆነ ችግር የለም፤ ግን ከድንጉላ ያስቆርጡ። የባዝራ ጭራ ሽንት ስለሚነካው ቶሎ ይሰባበራል።

ድምፁ ሲጢጥ የሚል ከሆነስ? እዚህ ላይ ለአንድ ጊዜ ጥፋቱ የጣት ነው። ጊታር የለመዱ ልጆች ክሩን አንገቱ እንጨት ላይ እስኪጣበቅ ይጫኑታል። የመሰንቆ ክር ከአንገቱ ርቆ በአየር ላይ ያለ ነው፤ በጣት ይነካል እንጂ አይጨፈለቅም።

ክሮቹ ተቃኝተዋል፣ ዘፈኑ ግን አይመጣም

የጀማሪ ትልቁ መከራ ይህ ነው። ስልኩ ላይ ያለው መቃኛ «ትክክል» ይላል፤ ጆሮ ግን ይከራከራል። ብዙውን ጊዜ ጆሮ ትክክል ነው። ክራር ስድስት ክር ይኑረው እንጂ አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ ከፍ ብሎ ይደገማል። ስለዚህ በክሩ ላይ ያልቃኙትን ድምፅ በኋላ ፈልገው አያገኙትም፤ ቅኝቱ ከተሳሳተ ዘፈኑ የለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች የየራሳቸው አደራደር አላቸው።

በብዛት የሚምታታው ሙሉ ትዝታና ግማሽ ትዝታ ነው። ሙሉው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጓቸው ግማሽ ትዝታ ይሆናል። ሁለት ክር ብቻ! በእነዚያ ሁለት ክሮች ምክንያት ክራሩን ሊሸጥ የመጣ ልጅ አውቃለሁ። ምክሬ፦ በአንድ ቅኝት ወራት ይቆዩ። የአስናቀች ወርቁን ወይም የካሳ ተሰማን ክራር ያዳምጡ፤ ከመቃኘትዎ በፊት «ይህ በየትኛው ቅኝት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሲዘፍኑ አንገትዎ የሚታነቅ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ክር እኩል ያውርዱ። ክራር ለድምፅዎ ይቃኛል፤ ድምፅዎ ለክራር አይቃኝም። ኪቦርድ ያለበት ባንድ ውስጥ ሲገቡ ብቻ ይህ ሕግ ይሻራል፤ እንግዳ ሳይገባ ኪቦርድ ተጫዋቹን መነሻ ድምፅ ይጠይቁት።

ዝዝ ይላል

ክራር ከሆነ ክሩ ቆዳውን እየነካ ነው፣ ወይም በርኩማዋ ዘማለች፤ ያስተካክሏት። በገና ከሆነ እባክዎ አይንኩት። አሥሩ አውታሮች ሥር፣ በበርኩማው ላይ ያሉት ቁርጥራጭ ቆዳዎች እንዚራ ይባላሉ፤ ያንን ንዝረት የሚሰጡት እነሱ ናቸው። አንድ ቤተሰብ ቆሻሻ መስሏቸው ጠርገው ጥለውት በገናው «ሞተብን» ብለው አምጥተውልኛል።

ከፋሲካ በኋላ ሲወርድ ጠማማ ሆኖ ተገኘ

በዓቢይ ጾም ክራር ይሰቀላል። ክሩ እንደተወጠረ 55 ቀን ግድግዳ ላይ ከቆየ ምሰሶዎቹ (ቀንበሩን የተሸከሙት ሁለቱ የጎን እንጨቶች) ይጎብጣሉ፤ ምድጃ አጠገብ ከሆነማ ቆዳውም ያልቃል። ሲሰቅሉ ያላሉት።

በነገራችን ላይ አንዳንዱ ክራር ቀድሞውንም ለግድግዳ የተሠራ ነው። ሊገዙ ሲሄዱ ጌጡን አይዩ። ቀንበሩንና ምሰሶዎቹን ይዘው ቀስ ብለው ያወዛውዙ፤ ከተነቃነቀ ይተዉት። ከዚያ እዚያው ያስቃኙት፤ ሻይ ጠጥተው ተመልሰው ይምቱት። ባለሱቁ «ቤት ሲደርስ ይስተካከላል» ካለዎት አይስተካከልም።

ድምፅ ማጉያው ያፏጫል

ማይክሮፎኑ የማጉያውን ድምፅ መልሶ እየሰማ ነው፤ በቆዳ የተሸፈነ ሳጥን ደግሞ ራሱ እንደ ጆሮ ነው። ከማጉያው ፊት ሳይሆን ከኋላው ይቁሙ፤ ማይክሮፎኑን ወደ መሣሪያው አስጠግተው ድምፁን ይቀንሱ።

አዝማሪው ግጥሜን አበላሸብኝ

ይህ የአድማጭ ችግር ስለሆነ ማንም አይጽፈውም። «ተቀበል!» ብለው አንድ ገጽ ሙሉ ነገር ከነገሩት፣ እሱ ደጋኑን እየሳበ፣ ቤት እየጠበቀ፣ ዳሱ እየጮኸ እንዴት ይያዘው? ሁለት ስንኝ ይበቃል፤ ቤት ይምታ፤ ቀረብ ብለው፣ ዜማው መለስ ሲል ይንገሩት። ብር በግንባሩ ሊለጥፉ ከሆነም ግጥሙን እስኪጨርስ ይታገሡ፤ ዓይኑ ላይ የወረደ ብር ደጋኑን ያስጥለዋል።